ፊልሙ ጫፍ ላይ የተለጠፈው ሠርጌ

እኔ ያገባሁት በውሸት ነው። አትሳቁ። ባሌ የእውነት፣ ቀለበቱ የእውነት፣ ምርቃቱ የእውነት፤ ሠርጉ ግን የፊልም ሠርግ ነው። ልጆቼ በሙሉ የዚያ የውሸት ሠርግ ፍሬ ናቸው። አሁን በስተርጅና ያንን ሠርግ በመቀስ ቆርጦ ሊጥልብኝ የተነሳ ሰው መጣና፣ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩትን ስድብ ሁሉ አስጨረሰኝ።

ሰውየው የፊልሙ ዳይሬክተር ነው። ያኔ በወጣትነቱ «ጨለማው» ነበር የምንለው። መብራት ጠላቱ ነው። አምፖል ካየ «ይሄን አጥፉልኝ»፣ የተከፈተ መጋረጃ ካየ «ይሄን ዝጉልኝ»። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጢ ነበር። ለፊልሙ በርና መስኮት ሊሠራ ተቀጥሮ ሄደ። ጨለማው ፊቱን አየና «ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም፤ መዶሻህን አስቀምጥና ካሜራ ፊት ቁም» አለው። አናጢው ተዋናይ የሆነው እንዲህ ነው። እንቅልፍማ በዚያ ዘመን ማን ጠግቦ!

ስለ ዘመኑ ብዙ አላወራም። ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አያየው። ይህችን ብቻ ልበላችሁ፤ አንድ ቤት ውስጥ ዘመድ ተሰብስቦ ከተገኘ «ምን ልትዶልቱ ነው?» ይባላል። ለሐዘንም ወረቀት፣ ለሠርግም ወረቀት ከቢሮ ይወጣል። የኔ አባት ስሙ እዚያ ቢሮ አላማረም፤ ስለዚህ ወረቀት የለም። ስንሄድ «ነገ»፣ ነገ ስንሄድ «ሰውየው የለም»። ቀለበቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እኔን ያስረጀኝ ነበር።

ፊልሙም ስለዚያው ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ቤት ይኖራሉ። ጎረቤታቸው ይወሰዳል። ከዚያ ወዲያ ታላቁ ታናሹን «አንተ ነህ የጠቆምከው» ብሎ ይጠረጥራል፣ ታናሹም ታላቁን። አብረው ይበላሉ፣ አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ አንዱ ለአንዱ ጀርባውን አይሰጥም። መጨረሻ ላይ ታላቁ፣ ታናሹን ደጅ ትቶት በሩን ከውስጥ ይቀረቅረዋል። ቋ! ይላል መቀርቀሪያው፣ ጨለማ ይሆናል፣ ያልቃል። ደጅ የሚቀረው ባሌ ነው።

ፊልም የሚፈቅደውም ያው ቢሮ ነው፤ ይህን አየና ተቆጣ። «ሕዝቡ እያለቀሰ ይውጣ ነው የምትለው? ደስ የሚል ነገር ጨምርበት። ታናሹን ዳረው» አሉት። ጨለማው ፀጉሩን ነጨ። ግን ማን እምቢ ይላል? «እሺ» አለ። «ሙሽራ ከየትም አምጡልኝ፣ ፊቷን አላሳየውም» ብሎ ጮኸ። ባሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ ጋ አንዲት አለች» አይለው መሰላችሁ!

ገባችሁ? ለእውነቱ ሠርግ የከለከሉንን ወረቀት ለውሸቱ ሠርግ ማኅተም መትተው ሰጡን። የኔ ዘመድ አጃቢ ሆኖ መጣ፣ የሱ ዘመድ አጃቢ ሆኖ መጣ። የሠፈራችን ሽማግሌ የፊልም ሽማግሌ ሆነው መጡ። ታናሽ ወንድሜ ከበሮ መቺ ተባለ። ከቢሮ ደግሞ አንድ ጠባቂ ተላከ፤ ቤት ውስጥም የማያወልቀው መነጽር ስለነበረው «ጥቁር መነጽር» እንለዋለን። ለጨለማው አንድም ነፍስ ምስጢሩን አልነገረው። እኔ እንኳን አልነገርኩም፤ እኔን የሚያውቀኝ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

ሽማግሌው መመረቅ ጀመሩ። ትንሽ እንደመረቁ ጨለማው «ቁረጥ!» አለ። ማን ይቆርጣል? ምርቃቱ ቀጠለ። «ቁረጥ አልኩ እኮ!» ይላል፤ ሽማግሌው ይመርቃሉ። ጥቁር መነጽርም መዳፉን ዘርግቶ «አሜን» እያለ ነው። ሰውየው የከለከለውን ሠርግ አሜን ብሎ አጸደቀልን! ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አልሳቅንም። ከሠርጉ በኋላ ሳይቆይ ወንድሜን ወሰዱት። አልተመለሰም። እናቴ በዚያው ሰሞን ፎቶውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ፎቶ ላይ አጠገቡ የቆመውም ይወሰድ ነበራ። አንድ እንኳን ሳታስቀር አቃጥላ ከጨረሰች በኋላ ነው አመዱን አይታ የጮኸችው። ስለዚህ የወንድሜ ፊት የትም የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ አለ እንዳልል ጭንቅላቴም እያረጀ ነው፤ አንዳንዴ አፍንጫው ይጠፋብኛል። ያለው እዚያ ፊልም ጫፍ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ፊልሙን አይቼው አላውቅም። ያኔ ጥቂት ቀን አሳዩትና አገዱት፤ እኛም ሐዘን ላይ ነበርን።

ታዲያ በቀደም የልጄ ልጅ ቤቴ መጣች። እሷ የአሮጌ ፊልም ሐኪም በሏት፤ የተቀደደውን ታጣብቃለች፣ የሻገተውን ታጥባለች። ፊቷን ሳየው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«እማማ፣ ፊልሙ ተገኝቷል» አለችኝ። «ሠርጉም አለ፣ ድምፁም አለ። በአዳራሹ ሊታይ ነው።»

እልል ልል አፌን ስከፍት «ቆይ» አለች። «ዳይሬክተሩ ሠርጉ ይቆረጥ ብሏል። ፊልሙ የሱ ነው። የተቆረጠውንም ስጡኝ፣ የማደርገውን አውቃለሁ ብሏል።»

ጫማዬን የት እንዳደረግሁት አላውቅም፤ አንዱን ካልጋ ሥር፣ አንዱን ከበር ኋላ አግኝቼ ተከተልኳት።

የሥራ ክፍሏ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። «ምን ልትሠሩ ነው፣ ሰላጣ?» አልኳት። ፊልም ሲበሰብስ እንደዚያ ነው የሚሸተው አለችኝ። ቆርቆሮው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። በመሃል አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፣ ግራና ቀኙ ፊልም የሚጠቀልል ሰሃን፣ መሃሉ ላይ ፎቶ የምታክል መስታወት። ወንበር ላይ ደግሞ ማን ተቀምጦ አገኛለሁ? ሬት!

ሬት የባሌ እህት ነች። ስም አላት፣ ግን ለምላሴ አይጣፍጥም። ምራቋ ቅጠል ያጠወልጋል። እሷም እኔን «ሬዲዮ» ነው የምትለኝ፤ «መዝጊያው ተሰብሯል» እያለች። ስለ ፊልሙ ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ። ለጎረቤቷ የነገርኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።

በሬት ላይ ያለኝን ነገር ደግሞ ስሙ። ሠርጉ ዕለት ጥቁር መነጽርን ስትጋብዝ የዋለችው እሷ ናት። ሰሃን ይዛ እሱ ጋ፣ ብርጭቆ ይዛ እሱ ጋ፣ ደግሞ ሳቋ! ወንድሜ ሲወሰድ ታዲያ ማን ትዝ ይበለኝ? ፊት ለፊት አንድም ቀን አልጠየቅኳት። ከሷ በስተቀር ግን ያልነገርኩት ሰው የለም።

«አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ሊቆርጡት ነው ሲባል ሰምቼ መቀሱን ላቀብላቸው መጣሁ» አለች።

«ምነው፣ ጥርስሽ እንዳይታይ ፈርተሽ?»

«አዎ፣ ጥርሴ እንዳይታይ ነው። ምን ታመጪያለሽ?»

የልጅ ልጄ «እባካችሁ!» አለችና ነጭ ጓንቷን አጥልቃ ሰሃኑን ማዞር ጀመረች። መስታወቷ በራች። ጨለማ፣ ጨለማ፣ ከዚያ አንድ ነጭ ነገር ያልፋል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ መጋረጃ?»

«አንቺ ነሽ እማማ።»

እኔ ነኝ! ሙሽራዋ! ያ ምቀኛ ሠርጌንም አጨልሞ ነው ያነሳው። አንድ ፋኖስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍቶታል። ሰዉ ሁሉ ጥላ ነው። ከበሮ የያዘ ሰው በፋኖሱ ዳር ሲዞር ግን ፊቱ ላይ ብርሃን ወደቀ፣ አለፈ። አውራ ጣቴን አይሞላም።

«እሱ ነው! መልሺልኝ!» መለሰችልኝ። አሁንም አለፈ። «አቁሚልኝ!» ስታቆመው ጭጋግ ሆነ።

«ፎቶ አወጣልሽ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ሲቆም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ሲንቀሳቀስ ነው ሰው የሚሆነው። እሱም በትልቁ፣ በደንብ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ። እዚህ አይታይሽም።»

ይህን እያለች በሩ ተከፈተና ጨለማው ገባ። ሸብቷል፣ ከዘራ ይዟል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጓል። ገና እግሩ ሳይገባ እጁ መብራት ማጥፊያው ላይ ነው። ሰው አይለወጥም።

«እነዚህ እናቶች ምንድን ናቸው?» አለ።

«ሙሽራዋ ነኝ» አልኩት። «ፊቷን አላሳየውም ያሉዋት።»

ዓይኑን አጨንቁሮ አየኝ። አላወቀኝም። ማን ያውቀኛል፣ ያኔም አላየኝ። «እናቴ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ያ ሠርግ የፊልሙ አካል አይደለም» አለኝ። «እጄን ጠምዝዘው ያሠሩኝ ነው። ፊልሙ መቀርቀሪያው ላይ ያልቃል። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ ዝግ ነበር፣ ጨለማ ነበር። ወጣቶቹ ያንን እንዲያዩ ነው የምፈልገው። ሠርጉ ግን የነሱ ውሸት ነው።»

«የማን ውሸት? ይቺ ልጅ ከውሸት ነው የተወለደችው?»

«አልገባዎትም።»

«ገብቶኛል። አንተ ነህ ያልገባህ!» አንቱታው እዚህ ላይ አለቀ። «በገዛ ካሜራህ ፊት ሰው ሲዳር ያልገባህ! እኛ ወረቀት ተከልክለን ባንተ ወረቀት ተጋባን። ቁረጥ፣ ቁረጥ ትላለህ፣ ሽማግሌው ይመርቃሉ፤ ሰክረው መስሎህ ነው?»

ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ቀላ። «እኔን ሳትነግሩኝ? በፊልሜ ውስጥ? ቢደረስብን የሚሰቅሉት እኔን ነበር እኮ!»

«እኛንስ ሊስሙን ነበር?»

«ያቺ ቀን የተዋረድኩባት ቀን ናት። እድሜ ልኬን 'ሠርግ ጨምር ሲሉት የጨመረው' ተብያለሁ። አንቺ ደግሞ ትጨፍሪባት ነበር!»

«እንዴታ! ሠርጌ አይደል? ላልቅስልህ?»

የልጅ ልጄ ነገሩን ልታበርድ «ተመልከቱ፣ እርስዎም አሉበት» ብላ ሰሃኑን አዞረች። መስታወቷ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ አፉን ከፍቶ እየጮኸ ይገባል፤ ሽማግሌው እጅጌውን ይዘው ጎተት ያደርጉታል፤ ልጁ ጎንበስ ይላል። ጨለማው አፍጥጦ አየ።

«እኔ ጎንበስ አላልኩም» አለ።

«እየታየህ!»

«ጎትተውኝ ነው። ቁረጪው፤ አሁኑኑ። የተቆረጠውን ስጪኝ፣ ቤቴ ወስጄ አቃጥለዋለሁ።»

አቃጥላለሁ ሲል እናቴና ምድጃው መጡብኝ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለሱ ግን ለቅሶ አላሳየሁትም።

«ቁረጠው» አልኩት። «እኔ አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣለሁ። ከመቀርቀሪያው በኋላ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደጎነበሰ፣ ማን አሜን እንዳለ እናገራለሁ። ትንሽ እጨምርበታለሁም። ስጨርስ መቀርቀሪያህን የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ከምላሴ!»

ወደ ሬት ዞሮ «እውነቷን ነው?» ይላል።

«ታደርገዋለች» አለች ሬት። «የሷ አፍ በር የለውም። እኔን ይጠይቁኝ።»

ጨለማው ሻርፑን ፈታ፣ አሰረ። «እሺ» አለ በጥርሱ መሃል። «ፊልሙ መቀርቀሪያው ላይ ያልቃል። መብራት ይበራል። ሰው ተነስቶ ሲወጣ ያንን ጉዳችሁን ግድግዳው ላይ ልቀቁት።»

«መብራት ከበራ እኮ ምንም አይታይም» አለች የልጅ ልጄ። «የሠርጉ ፊልም በጣም የጠቆረ ነው።»

«ያጠቆርኩትማ እኔው ነኝ» አለና ፈገግ አለ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ። ይታያል። ማየት የነሱ ፋንታ ነው።» በሩን በርግዶ ወጣ። እርኩስ!

ደረጃው ላይ ሬትን ያዝኳት። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ግን ለስድብ የሚሆን አይጠፋም።

«ደስ አለሽ? ወንድሜን ሁለቴ አስበላሽው።»

ቆመች። መደገፊያውን ይዛ ቀስ ብላ ዞረች። «በይ» አለች፣ «ዛሬ አፍ አውጥተሽ አልሽው። እስከዛሬ በየሰዉ ቤት ነበር የምትልኪው። አሁን እኔም ልጠይቅሽ። ያ ሰውዬ ሲቀመጥ ፊቱ ወዴት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? ወዳንቺ ነዋ!»

«ጀርባውስ?»

አልፌያት ልወርድ ስል መንገዱን ዘጋችብኝ።

«ጀርባው ወደ ከበሮው ነበር። ወንድምሽን በዚያ ሰሞን ይፈልጉት ነበር። ባልሽ ነው 'እህቴ፣ ይህን ሰውዬ ፊቱን እንዳያዞር ያዢልኝ' ያለኝ። ጉንጬ እስኪዝል ሳቅኩለት። የማይሳቅበትን ሳቅኩለት። በሦስተኛው ብርጭቆ ስለ ኩላሊቱ ሲያወራኝ፣ እሱንም ሳቅኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ላንቺ? ያኔ ላንቺ መንገር በአደባባይ ማስለፈፍ ነው። ኋላ ደግሞ ስሜን አጥፍተሽ ጨርሰሽ ነበር፤ የፈሰሰ ውኃ ምን ይታፈሳል። አሁን በትልቁ ግድግዳ ላይ ስገለፍጥ ልታሳይኝ ነው። ያላወቁትም 'እውነትም' ሊሉ ነው። ለዚህ ነው ይቆረጥ ያልኩት።»

እንደዚያ ብላ ወረደች። አላመንኳትም። እኔ ሰው ስጠላ በጥሬው አልጠላም፣ አብስዬ ነው፤ ስንት ዘመን የበሰለ ነገር ደረጃ ላይ በተወራ ወሬ አይገለበጥም። ባሌንስ እንዳልጠይቀው መቃብር ገብቷል። ለምን እሱ አልነገረኝም ብዬ ግን ያን ሰሞን አልጋዬ ላይ ተገላበጥኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ሬዲዮ ነኛ።

የሚታይበት ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ወጣቱ ብዙ ነው። ሽማግሌና አሮጊቱ ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ፤ ልማድ ነው፣ የዚያን ዘመን ሰው መሃል መቀመጥ አይወድም። ጨለማው ፊት ወንበር ላይ፣ እኔ ከኋላው፤ አንገቱን እንድቆጣጠረው። ሬት የለችም። «አፍራ ቀረች» አልኩ በሆዴ።

መብራት ጠፋና ጀመረ።

ሰውየውን ብጠላውም እውነቱን ልናገር፤ ዘመኑን ይዞታል። በር ሲንኳኳ አንድም ሰው ወዲያው አይከፍትም፤ እጅ ወደ በሩ ሳይሆን ጆሮ ነው የሚሄደው። ሬዲዮ የሚቀነሰው ደረጃውን ለመስማት ነው። ሻይ ይጠጣሉ፣ ስኒውን ሲያስቀምጡ ድምፅ እንዳይሰማ በጣታቸው ይይዙታል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ እንደማደርግ እዚያ ተቀምጬ ነው ያወቅኩት። ባሌ ደግሞ፣ ውይ ባሌ! ዓይኑ ሥር ጠቁሮ፣ የወንድሙን እጅ እንጂ ፊቱን አያይም። ከኋላዬ አንዲት ልጅ «ምን ሆነው ነው የማይነጋገሩት?» ብላ ጓደኛዋን ጠየቀች። «ቀጥሎ የሚወሰደው ማን ነው እያሉ ነው» ልላት አሰብኩና ተውኩት።

ታላቁ በሩን ዘጋ። ቋ! ጨለማ።

አጨበጨቡ። ጨለማው ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገ። «መብራት!» አለ።

መብራት የለም።

«መብራት አብሩ!»

ዞር ስል ከኋላው በር አጠገብ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ባለበት ግድግዳ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ለጥፎ ቆሟል። ነጠላዋን አውቀዋለሁ። ሬት! ጎልማሳው የአዳራሹ ዘበኛ ፊቷ ቆሞ ይለማመጣታል።

«እማማ፣ ትንሽ ይለፉልኝ፣ መብራቱን ላብራ።»

«የቱን መብራት የኔ ጌታ?»

«ጀርባዎ ላይ ያለውን።»

«ጀርባዬ ላይ መብራት አለ? እኔ ሕመም ብቻ ያለ መስሎኝ!» ብላ ሳቀች። አሳሳቋ! «አንተ ግን የማን ልጅ ነህ? ጉንጭህን የሆነ ሰው ጋ አውቀዋለሁ። ቆይ፣ እናትህ አጭር ናት?»

«ኧረ እማማ፣ ሥራዬን ያሳጡኛል!»

«ሥራ ይገኛል። ወገቤ ተያዘ፣ ክንዴን ያዘኝ እስቲ፤ አይ፣ በዚያ በኩል አይደለም፣ በዚህ በኩል!» ደግሞ ሳቀች።

በዚህ መሃል ፊልሙ በሚታይበት ግድግዳ ላይ ፋኖሱ በራ። ያ ሳቅ ደግሞ ከወዲያ መጣ። ይኸው ሬት፣ ልጃገረድ ሆና፣ ሰሃን ይዛ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ፊት ለፊቷ ጥቁር መነጽር ተቀምጧል። ጀርባው ወደ ከበሮው ነው። አየሁት፤ ወንበሩ ራሱ ዞሯል። ራሱን ወደ ኋላ ሊመልስ ሲል ሰሃኑን አፍንጫው ሥር ታስጠጋዋለች። ዓይኗ ግን አይስቅም። ስንት ዘመን ያወራሁት ሳቅ ነው፤ ዓይኗን አላየሁትም ነበር።

«ቁረጥ!» አለ ግድግዳው። የጨለማው ድምፅ ነው፣ የወጣትነቱ።

«መብራት!» አለ ጨለማው ፊት ወንበር ላይ ቆሞ።

«ቁረጥ አልኩ እኮ!»

«መብራት አልኩ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ቀና ብለው «ልጄ፣ ምርቃት አይቆረጥም። ና፣ ጎንበስ በል» አሉት። አንዱ ወጣት ከኋላ «ጎንበስ ይበሉ አባባ፣ አላይ አልን!» ብሎ ጮኸ። ጨለማው ተቀመጠ። ምን ምርጫ አለው? ሽማግሌው «ቤታችሁ አይዘጋ» ብለው ሲመርቁ፣ ግድግዳ ጥግ የተቀመጠው አሮጊትና ሽማግሌ ሁሉ አፉን እንደያዘ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ተዳርኩ።

ከዚያ ወንድሜ መጣ።

ከበሮውን አንግቦ በፋኖሱ ዳር ሲዞር ብርሃኑ ከታች መታው። ግድግዳውን ሞላው። ምላሱን በጥርሱ ዳር ነክሶታል፤ ሥራ ሲሠራ እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ ረስቼው! አፍንጫው የእናቴ ነው። የእናቴ ነበር አፍንጫው! ወደ ሙሽራዋ ዞሮ አንድ ዓይኑን ጠቀሰ፣ አለፈ፣ ጨለማ ሆነ። ይኸው ነው። ዓይን ለመጥቀስ የሚበቃ ጊዜ።

ፊልሙ አልቆ ጫፉ ማሳያው መኪና ላይ ጠፍ ጠፍ ሲል ዘበኛው በመጨረሻ ማብሪያውን አገኘው። ጨለማው ከዘራውን እያንኳኳ አጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። 

«ሳቁብኝ» አለ። «በዚያ ፊልም ላይ ማንም ስቆ አያውቅም። ገደላችሁት። ከእንግዲህ የኔ ፊልም ነው አትበሉ።»

«አንልም» አልኩት። «የአናጢው ነው እንላለን።»

ምራቁን ዋጠና ሄደ። መንገድ ላይ ወጣቶች ከበው እጁን ሊጨብጡት ሲሉ አየሁ፤ እጁን ኪሱ ከተተ። እስከ ዛሬ ለልጅ ልጄ ሰላም አይላትም። አይበላት።

ሬት በሩ ጋ ጉንጯን እያሸች ትጠብቀኛለች። አልፌያት ልሄድ ነበር። ስንት ዘመን ያስወራሁባትን በአንድ ከሰዓት ምን ብዬ እመልሰዋለሁ? አጠገቧ ስደርስ ክንዴን ዘረጋሁላት። አየችው፤ እንደ እባብ አየችው፤ ከዚያ ያዘችው። ወደ መንገድ ወጣን።

«ጉንጬን አመመኝ» አለች።

«ማን ሳቂ አለሽ?»

«ሬዲዮ!»

«ሬት!»

እስከ መታጠፊያው ተያይዘን ሄድን። ከዚያ ቆም አለችና «ታዲያ አየሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ወንድምሽን ነዋ። እኔ እንደሆነ ዘበኛውን ስይዝ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ያኔም ያን ሰውዬ ስይዝ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ከበሮውን ሲመታ አላየሁትም። ምን ይመስል ነበር?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ክንዷን ጠበቅ አደረግሁና ከምላሱ ጀመርኩላት። አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም።